የቀትር ጆሮ

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰው ፍለጋ መውጣት ሞኝነት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ይተኛል፣ የቀፊራ ገበያ እንኳ ያ ሁሉ ጫጫታው ይረግባል። የድሬ ሰው ከቀትር ጋር ግብግብ አይገጥምም፤ ብልህ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰዓት ሁለት ጎልማሶች፣ ጎልማሳ ማለቱ እንኳ ማቆላመጥ ነው፣ ሁለት ሽማግሎች ጭር ባለ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሦስት ቶን የሚመዝን ብረት አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ዝም ብለው ቢታዩ፣ ያየ ሰው ምን ነካቸው ቢል አይፈረድበትም።

ምንም አልነካቸውም። አራስ እየጠበቁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ካሣ ገብረወልድ በያጅ ነው፤ ብየዳን የተማረው ከአባቱ ነው፣ አባቱ ደግሞ ከባቡሩ ወርክሾፕ። ዛሬ የሚሠራበት ቤት ከግድብና ከፋብሪካ የሚመጡ ትልልቅ ብረቶችን ይጠግናል። ከሁሉ የሚከብደው የተርባይን መዘውር ነው፤ ውሃ እየመታው የሚሽከረከረውና መብራት የሚያመጣልን ባለ ብዙ ክንፍ ጎማ ማለት ነው። ከቀለጠ ኢኖክስ፣ ከማይዝግ ብረት ማለት ነው፣ በአንድ ወጥ የተቀዳ ነው። ይህ ኢኖክስ ውሃ አያዝገው እንጂ አመሉ ለጉድ ነው። ሳያሞቁ ቢበይዱት ይሰነጠቃል። ከልክ በላይ ቢያሞቁት ይበላሻል። ተበይዶ ሲያልቅ ደግሞ እንደ ሌላው ብረት በትኩሱ ምድጃ ቢያስገቡት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ፤ መጀመሪያ ተሸፍኖ፣ ቀስ እያለ፣ እጅ እስኪያስነካ ድረስ መብረድ አለበት። የሚጠነክረው ያኔ ነው። የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ስድስት መቶ ዲግሪ ምድጃ ገብቶ የሚለዝበው ከዚያ በኋላ ነው።

እነካሣ ይህን የመብረጃ ሰዓት አራስነት ይሉታል። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ነፋስም አያገኛትም፤ መዘውሩም እንደዚያው። በሩ ይዘጋል፣ ቬንቲሌተሩ ይጠፋል፣ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጣል። ብረቱ ከውስጥ የተሰነጠቀ እንደሆነ «ትክ» ይላል፤ የክብሪት እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ያህል ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ያንን የሰማ ሰው ቦታውን በጠመኔ ያከብበታል፣ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል። ካልተሰማ ግን ስንጥቁ እንደተደበቀ ምድጃ ይገባል። ላይ ላዩን የሚፈትሹበት ቀይ ቀለም አያየውም። ውስጥ የሚያየው መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እስኪመጣም ወር ይፈጃል፤ ያኔ ስንጥቅ ከተገኘ ሥራው ከሀ ይጀመራል፣ እሱም ካመለጠው አንድ ቀን ክንፉ ውሃ ውስጥ ይበጠሳል። ወርክሾፑ ጸጥ የሚለው በቀትር ዕረፍት ብቻ ስለሆነ፣ ብየዳው ሁልጊዜ አምስት ሰዓት ገደማ እንዲያልቅ ታስቦ ይጀመራል። ከተማው ሲተኛ አዳማጩ ይቀመጣል።

አዳማጩ ዱዓሌ ነው። ከካሣ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ካሣ ይበይዳል፣ ዱዓሌ ብየዳውን በትኩሱ በትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጣል፣ መጨረሻ ላይ ያዳምጣል። በደህናው ጊዜ ግድግዳ ማዶ የወደቀ ብሎን ድምፁን ሰምቶ ቁጥሩን ይናገር ነበር ይባላል። ትንሽ ተጋኗል፤ ብዙ ግን አይደለም። ቤት መቀመጥ ከመቃብር አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጡረታ የሚባል ወሬ ሲነሳ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል።

ችግሩ፣ ዱዓሌ አይሰማም።

ቀኝ ጆሮው ውስጥ ከአምስት ዓመት በፊት የብየዳ ፍንጣሪ ገብቶ ታምቡሩን አቃጠለው። ግራው ከልጅነቱ ጀምሮ መግል እየያዘ ሲያሠቃየው ኖሮ አምና ጭርሱን ተዘጋ። ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲያወራው ከንፈር ከንፈሩን ያያል፤ ያልገባው እንደሆነ «አቦ ተወው» ብሎ ይስቃል። ድሬ ላይ ደግሞ «አቦ ተወው» ለማንኛውም ነገር መልስ ስለሚሆን የጠረጠረ አልነበረም።

ካሣ ያወቀው ባለፈው ጥር ነው። አንድ የፓምፕ ብረት በይደው ሸፍነውት፣ እሱ ከቧንቧው ሥር እጁን ሲታጠብ ብረቱ ትክ አለ። ካሣ ሃያ እርምጃ ርቆ ሰማው። ዱዓሌ ብረቱ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ጣራ ጣራውን ያያል። ካሣ ሳሙናው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። የሠላሳ አራት ዓመት ጓደኛው ሳይሞት የሞተበት መሰለው።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ዋሸ። በዕድሜው ስለ ሥራ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ኢንጂነሯ ዘንድ ሄዶ፣ ኤሌክትሮዶቹን በደንብ ሳላደርቃቸው ነው የበየድኩት፣ ይከፈትልኝ አላት። ኤሌክትሮድ እርጥበት ካለው ይህ ብረት አይምርም፤ ለዚህም ከሥራው በፊት ትንሿ ምድጃ ውስጥ ሰዓታት ይደርቃል። ይህን መርሳት ለጀማሪም ነውር ነው። ኢንጂነር ኑሀሚን የነምበር ዋን ሰፈር ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እሱን ጋሽ ካሣ፣ ዱዓሌን በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ ብላ ታከብራለች፣ ሥራ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ማስጠንቀቂያ ጻፈችበት፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር። ብየዳው ተከፈተ፣ ስንጥቁ ተገኘ፣ ተጠገነ። ዱዓሌ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሣ በቀትር ቤቱ መሄድ ተወ። ሁለተኛ በርጩማ አምጥቶ ከዱዓሌ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጉልበቱን ከጉልበቱ ያስነካል። ብረቱ ትክ ሲል ጉልበቱን ገፋ ያደርገዋል፤ ዱዓሌም እጁን አንስቶ «ሰማሁ» ይላል፣ ጠመኔውን ይዞ የካሣ ዓይን ወደ ጠቆመው ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ዱዓሌ ዙህር ሊሰግድ ምንጣፉን ሲዘረጋ ካሣ ብቻውን ያዳምጣል፤ ሲመለስ ጉልበት ለጉልበት ይገጥማሉ። አሚራ፣ የዱዓሌ ሚስት፣ ታይዋን ገበያ ካለው የልብስ ሱቋ ምሳ ትልካለች፤ ይበላሉ። እውነቱን ለመናገር ካሣ በዚያ ሰዓት ደስ ይለው ነበር። ወዳጁን ከውርደት እየጠበቀ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ማወቁ ቀኑን ያቀልለታል።

ለምን እንዲህ ሆነለት የሚል ካለ፣ ሸዋገነት ስትሞት ዱዓሌ የት እንደነበር ይጠይቅ። የካሣ ሚስት ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሠልስት አልፎ ሰው ሲበተን ዱዓሌ አልተበተነም። ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ ለዕድር ተመልሶ እንኳ በረንዳው ላይ ነበር፤ አያጽናናም፣ አያወራም፣ ተቀምጦ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ጆሮ አበድሮ ማኖር ለካሣ ምኑም አይደለም።

ግንቦት ላይ ትልቁ መዘውር መጣ። አንዱ ክንፍ ከሥሩ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ክንድ ያህላል። ፍቆ ማውጣቱ አንድ ቀን ፈጀ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ካሣ በክንፍና በክንፍ መካከል ተጣጥፎ፣ ከሥሩ መቶ ሃያ ዲግሪ የሚተነፍስ ብረት፣ ከላዩ የድሬ ግንቦት፣ መስመር በመስመር ሞላው። ዱዓሌ እያንዳንዱን መስመር ይቀጠቅጣል። በሁለተኛው ቀን አምስት ሰዓት ሲሆን አለቀ። ካሣ ከመሰላሉ ሲወርድ እግሩ ከዳው፤ ዱዓሌ በብብቱ ባይዘው ኖሮ ወድቆ ነበር።

ኑሀሚን አይታዋለች። መጥታ ግንባሩን በእጇ ነካችና ቤቱ ሄዶ እንዲተኛ ነገረችው። ካሣ እዚሁ አርፋለሁ አለ። እዚህ ዕረፍት እንደሌለ፣ ክሊኒኩ ደም ግፊቱን ካየ ወዲህ እሷ ተጠያቂ እንደሆነች ነገረችው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ካሣ መነጽሬ ጠፍቶኛል አለ፣ መነጽሩ ደረቱ ላይ ነው። የቤቴን ቁልፍ ረስቻለሁ አለ፣ ቁልፉ ቀበቶው ላይ ይንጫጫል። ልጅቷ ሰምታው ስታበቃ ዝግ ብላ፣

«ጋሽ ካሣ፣ የሚያዳምጠው አዴር ዱዓሌ ነው። አንተ ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

መልሱን ቢናገር ዱዓሌ ያን ዕለቱን ቤቱ ይገባል። ካሣ ዱዓሌን አየው። ዱዓሌ መዘውሩን በብርድ ልብስ እየሸፈነ፣ ጠርዝ ጠርዙን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው እየጠቀጠቀ ነበር፤ ቀና ብሎ ፈገግ አለና በእጁ ሂድ አለው። ባጃጁ ውጭ ቆሟል፣ ኑሀሚን ራሷ ጠርታዋለች። ካሣ ሄደ።

ቤቱ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ማዶ ነው። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ይህ ሰዓት ነው የሚገድለው። ሸዋገነት በሕይወት ሳለች ቀትር ማለት የሷ ወሬ ነበር፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ እህቷ ወይንሸት ስለላከችው መልእክት፣ እሱ እየሰማ እያንቀላፋ፣ እሷ «ሰማኸኝ?» እያለች። አሁን ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያወራው። ከጥር ወዲህ በዚህ ሰዓት እዚህ ቤት ተገኝቶ አያውቅም ነበርና ጸጥታው አዲስ ሆነበት። ተኛ። ተነሣ። ውሃ ጠጣ። እንደገና ተኛ።

ጣራውን እያየ መዘውሩን ያስባል። አሁን ዘጠና ዲግሪ ደርሷል፣ አሁን ሰማንያ። የሚሰነጠቅ ከሆነ አሁን ነው። ዱዓሌ ጣራ ጣራ እያየ ጥርሱን ይፍቃል። ብረቱ ትክ ይላል፣ ማንም አይሰማውም፣ አሥር ሰዓት ላይ ክሬኑ ያነሣዋል፣ ምድጃው ይውጠዋል። ዱዓሌ ወረቀት ላይ ይፈርማል። አዲሱ ወረቀት የአዳማጭ ፊርማ አለበት፤ ኑሀሚን ናት የጨመረችው፣ ሽማግሎቹን ለማክበር ብላ ነው። ከወር በኋላ መሣሪያው መጥቶ ስንጥቁን ሲያገኝ ከሥሩ የሚገኘው ስም የዱዓሌ ነው። ዝም ብል አዋረድኩት፣ ብናገር አዋረድኩት አለ ካሣ ለራሱ። ልዩነቱ፣ ዝም ካለ መዘውሩም አብሮ ይጠፋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያ ክንፍ ሲበጠስ አጠገቡ ሰው ቢኖርስ?

ተነሥቶ ወጣ። ባጃጅ የለም፣ ሁሉም ተኝቷል። ባርኔጣውን ረስቷል። የደቻቱን አሸዋ አቋርጦ፣ በዛፎቹ ሥር እየታከከ፣ እያለከለከ ሄደ፤ እግሩ እምቢ ሲለው እየተሳደበ ሄደ። ስድቡን እዚህ አልደግመውም።

ኑሀሚን ቢሮዋ ውስጥ ፉል በዳቦ እየበላች ነበር። ካሣ በሩ ላይ ቆመ፣ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ዱዓሌ አይሰማም» አላት። «ሁለቱም ጆሮው የለም።»

ዳቦውን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ያወቅኩት ጥር ላይ ነው።»

«ጥር ላይ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ኤሌክትሮዶቹስ?»

«ደርቀው ነበር፤ አጥንት ሆነው ደርቀው ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሥራውን ሁሉ እኔ እየሰማሁለት ነው የሠራነው። እኔን ቅጪኝ፤ እሱን ግን ሰው ፊት አትናገሪው።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች፣ ካሣ ከኋላዋ። ያቺ ሃምሳ እርምጃ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ረዘመችበት። ወዳጁን ሸጦ ለገዢው ሊያስረክብ እንደሚሄድ ሰው ተሰማው፤ አፈረ፣ መመለስም አልቻለም።

በሩን ቀስ ብለው ገፉት።

ዱዓሌ በርጩማው ላይ አልነበረም። መሬት ላይ በምንጣፉ ተንበርክኮ፣ ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ሥር ያሾለከውን የክንድ ርዝመት ቶንዲኖ፣ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ በጥርሱ ነክሶታል። የብረቱ ሌላኛው ጫፍ የክንፉ ሥር ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል። መዳፉን መዘውሩ ላይ ዘርግቷል፤ ምራቁ በአገጩ ወርዷል። ልብሱ ገለጥ ባለበት በኩል፣ ክንፉ ላይ፣ አንድ ነጭ የጠመኔ ክብ አለ።

ጥላቸው ሲያርፍበት ዓይኑን ገለጠ። ካሣን አየ፣ ኑሀሚንን አየ፣ እንደገና ካሣን አየ፤ ሁሉም ነገር የገባው ይመስላል። ቶንዲኖውን ከአፉ አወጣና በሸሚዙ ጠረገው። ጥርስ እንደሚያበቅል ሕፃን ብረት ሲያኝክ ተይዟልና ፊቱ ላይ ሐፍረት ነበር። ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው።

«አንድ ጊዜ» አለ፣ ክቡን እያሳየ። «ሩብ ሰዓት ይሆነዋል። ጥልቅ አይደለም።»

ኑሀሚን በጣቷ መልሶ እንዲነክሰው ምልክት አሳየችው። ዱዓሌ አመነታ፣ ከዚያ ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከመዘውሩ ማዶ ዞረች፣ ከኪሷ ሚስማር አወጣችና ብረቱን ነካ አደረገችው፤ ተከትሏት አጠገቧ ለቆመው ለካሣ እንኳ በጭንቅ ተሰማው። ዱዓሌ አንድ ጣቱን አነሣ። ቦታ ቀይራ ሁለት ጊዜ ነካች። ሁለት ጣት። ሚስማሩን አስጠግታ ሳትነካ ቆየች። ዱዓሌ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም የለም አለ።

ግራይንደሩን ያነሣችው እሷው ናት። ክቡ ውስጥ ቀስ እያለች ፋቀች፤ ሁለት ሚሊ፣ ምንም፤ ሦስት ሚሊ፣ ምንም። አራት ላይ ስትደርስ ቀዩን ቀለም ቀብታ ጠርጋ ስንጥቁን የሚያወጣውን ነጭ ዱቄት ነፋችበት። ትንሽ ቆይቶ ከነጩ ውስጥ የጸጉር ያህል የቀጠነ ቀይ መስመር ወጣ፤ ርዝመቱ ግማሽ ጣት አይሆንም። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዱዓሌ ፊት ቆማ፣ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች፣

«አዴር፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ዱዓሌ ካሣን አየና «አቦ ተወው» አለ።

ኑሀሚን ጋዙን የሚያበሩትን ልጆች ልትጠራ ወጣች፤ ብረቱ እንደገና መሞቅ አለበት። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ካሣ በርጩማው ላይ ወደቀ እንጂ አልተቀመጠም። ነገርኳት ሊል አፉን ከፈተ፤ ዱዓሌ በእጁ አስቆመው።

«ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልጠፋም» አለ። «ፊትህ ላይ አለ። ደግ አደረግክ፤ እኔም ብሆን እነግራት ነበር። ሦስት ቶን ብረት በወዳጅነት አይጠበቅም።»

«ይህን ቶንዲኖ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ካሣ፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ።

ከየካቲት ጀምሮ እንደሆነ ነገረው። ጥር ላይ ካሣ የዋሸውን ውሸት ያን ዕለቱን ነበር ያወቀው፤ ኤሌክትሮዶቹን ከትንሿ ምድጃ ያወጣቸው ራሱ ዱዓሌ ነዋ፣ መድረቃቸውን ከካሣ በላይ ያውቃል። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ አለቀሰ። ከዚያ አንድ ቀን አሚራ ድስት ስታማስል፣ እሱ በድንገት ማንኪያ ነክሶ ድስቱን ቢያስነካው፣ የወጡ መንተክተክ እስከ ጭንቅላቱ ድረስ ገባ። ጆሮው ቢዘጋም አጥንቱ ይሰማል። ሁለት ሳምንት የቤቱን ዕቃ ሁሉ በጥርሱ ሲሰማ ከረመ፤ አሚራ ጅን ገባበት ብላ ነበር። በየካቲት አጋማሽ፣ ካሣ አጠገቡ ሳይኖር፣ በአንድ የተጣለ ብረት ላይ ሞከረው። ሠራ።

ካሣ ሒሳቡ አልገጥም አለው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ስንት ቀትር ነው የተቀመጡት? ስንቴ ነው ጉልበቱን የገፋው? ስንቴ ነው ዱዓሌ እጁን አንስቶ ሰማሁ ያለው? አንድ ቀን እንኳ ብረት ሲነክስ አላየውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ራሱ ያልሰማ ዱዓሌ ሳይሆን እሱ ኖሯል።

«ታዲያ እኔን ለምን አስቀመጥከኝ?» አለው። «ለኑሀሚን ብታሳያት ኖሮ መደበቅ ባላስፈለገህ። ለምን?»

ዱዓሌ ቶንዲኖውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አማርኛውን እየፈለገ መሰለ፣ ወይም ድፍረቱን።

«ዋሪያ ካሣ» አለ። «ሸዋገነት ከሞተች ወዲህ ስድስት ሰዓት ሲደወል ፊትህ ምን እንደሚሆን አንተ አታየውም፤ እኔ አየዋለሁ። ምሳ እኛ ጋ ና እንልሃለን፣ በልቻለሁ ትላለህ። አሚራ ልጅ ትልክብሃለች፣ በር አትከፍትም። ሰው እንዲያዝንልህ አትፈልግም። የተቸገረ ሰው ካገኘህ ግን ጥለኸው አትሄድም፤ ይሄ አመልህን እናውቀዋለን። ስለዚህ እኔ ችግረኛ ሆንኩልህ።»

ካሣ መሬት መሬቱን አየ። አንድ ደንቆሮ ሽማግሌ ደንቆሮነቱ እንዳይታወቅበት ሲል ዓለምን ሁሉ ይሸሻል፤ ይኸኛው ግን መድኃኒቱን አግኝቶ ሳለ፣ ለወዳጁ ብሎ ሦስት ወር ተጨማሪ ደነቆረ። በየቀኑ ሰማሁ እያለ፣ ከጉልበቱ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር ማለት ነው።

«አሚራ ታውቃለች?» አለ፣ ቀና ብሎ።

«ሐሳቡ የማን ይመስልሃል?» አለ ዱዓሌ። «እኔ እንዲህ ያለ ጭንቅላት የለኝም።»

ያኔ ካሣ ሳቀ፤ ሳቁ መካከል ላይ ተለወጠና አለቀሰ። በሸዋገነት ቀብር ሰው ፊት ጥርሱን ነክሶ ነበር የቆመው፤ አሁን ሦስት ቶን ብረት ፊት እንደ ልጅ አነባ። ዱዓሌ እንደዚያን ጊዜው አላጽናናውም፣ አልነካውምም፤ ዙሪያውን የብርድ ልብሱን ጠርዝ እያስተካከለ ጠበቀው። ደግነት ሲበዛ ያሳፍራል፤ ካሣ ግን የተሰማው ሐፍረት አልነበረም፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሰው ቤት የገባ መሰለው።

ኑሀሚን ስትመለስ ካሣ ፊቱን በጨርቅ ጠርጎ ነበር። የካሣን ዓይን አይታ እንዳላየች ሆነች። ሥራውን አስረዳቻቸው፤ ብረቱ ማታውን እየሞቀ ያድራል፣ ጠዋት ስንጥቁ ተፍቆ ይበየዳል፣ ነገ በቀትር እንደገና አራስ ነው። አዳማጩ አዴር ዱዓሌ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ቶንዲኖውም በአሠራሩ ውስጥ ይጻፋል፣ ሌላ ሰው እንዲማርበት። ጥር ላይ የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ይነሣል፣ ስለ ውሸቱ ግን ሌላ ማስጠንቀቂያ ትጽፋለች። ካሣ ተገቢ ነው አለ። ቀጥላ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«አንተ ግን ነገ አምስት ሰዓት ላይ ቤትህ ትሄዳለህ ጋሽ ካሣ። አሁን እዚህ የምትቀመጥበት ምክንያት የለም።»

በሩ ተከፍቶ ሠራተኞቹ ከዕረፍት መግባት ጀምረዋል፤ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ቱታውን ይቆልፋል። ካሣ አንድ ሺህ ምክንያት መፍጠር ይችል ነበር፤ መነጽሩም ቁልፉም ነበሩ።

«አለ» አላት። «ነገም እቀመጣለሁ። ቤቴ ባዶ ነው፣ መሄድ አልፈልግም።»

ይህን ሲል ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ስለነበር ዱዓሌ ከንፈሩን አላየም። ምን አለ ብሎ ልጅቷን በዓይኑ ጠየቃት፤ ልጅቷ በአገጯ ወደ ካሣ ጠቆመችው። ካሣ ወደ ወዳጁ ዞረ። ወርክሾፑ በሰው እየሞላ ነው፣ ክሬን ነጂው ሱሌማንም ክሬኑን አስነሥቷል፣ ዱዓሌ ከንፈሩን በደንብ እንዲያነብ ደግሞ አፉን ሞልቶ መናገር ነበረበት።

«ቤቴ ባዶ ነው አልኩ» አለ ጮክ ብሎ። «ብቻዬን ከበደኝ አልኩ።»

ሠራተኞቹ ባሉበት ቆሙ። ሱሌማን ክሬኑን አጠፋው። ሁሉም ሰሙት፤ ካሣም አንገቱን አልደፋም።